ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ በሁለት አዳዲስ መጻሕፍት

ኢትዮጵያዊ ፍልስፍና አለ ወይስ የለም በሚለው፣ በየጊዜው እየተነሣ በሚወድቀው ክርክር ውስጥ እንደ ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ስሙ የተጠራ መጽሐፍ የለም። እንደ እርሱ ጥቂት ሰው አንብቦት ብዙ ሰው የተሟገተበትም የለም። ስሙን ያልሰማ ፊደል የቆጠረ ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበበውን ፈልጉ ቢባል ግን ፍለጋው ይረዝማል። መጽሐፉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነብቦ የሚያልቅ አጭር ድርሳን መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያስገርመዋል። ከመጽሐፉ ይልቅ የደራሲው ማንነት ስለበለጠብን፣ ገና ሽፋኑን ሳንገልጥ በደጃፉ ላይ ቆመን ስንሟገት ዘመን አልፏል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የበርሊኑ ደ ግሩይተር አሳታሚ ድርጅት ይህንኑ ድርሳን የሚመለከቱ ሁለት መጻሕፍት አውጥቷል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመውና ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁ እና ዌንዲ ሎራ ቤልቸር ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት «ዘ ሐተታ ኢንኳይሪስ» ነው፤ የዘርዐ ያዕቆብንም የደቀ መዝሙሩን የወልደ ሕይወትንም ሐተታ በአንድ ጥራዝ ይዟል። ሁለተኛው በ2024 የወጣው፣ ሊያ ካንቶር፣ ጆናታን ኢጊድ እና ፋሲል መራዊ ያዘጋጁት «ኢን ሰርች ኦቭ ዘርዐ ያዕቆብ» የተሰኘ የጥናቶች ስብስብ ነው፤ መነሻው በ2022 በኦክስፎርድ የተካሄደ ጉባኤ ነው። አንዱ ጽሑፉን ያቀርባል፤ ሌላው ስለ ጽሑፉ ይሟገታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ የሚጠቅመው፣ አንዱ የዘጋውን በር ሌላው መልሶ ስለሚከፍተው ነው።

ታሪኩን ላልያዘ አንባቢ በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። ባለታሪኩ፣ እርሱ ራሱ እንደሚነግረን፣ በ1599 እ.ኤ.አ. በአክሱም አቅራቢያ ከድኻ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዜማ ሊማር ገብቶ ድምፁ አልሠምር ስላለው ወደ ቅኔና ወደ ሰዋስው ዞረ፤ ከዚያም የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ፤ ተመልሶም በአክሱም አስተማሪ ሆነ። ዘመኑ ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው አገር የታመሰበት ዘመን ነበር። መምህሩ መጽሐፍ ሲተረጉም ፍራንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ስለነበር ከሁለቱም ወገን ጥላቻን አተረፈ፤ በንጉሡም ዘንድ ተከሰሰ። ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አቅራቢያ በአንድ ዋሻ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ሱስንዮስ በ1632 ካለፉ በኋላ ወጥቶ እንፍራዝ ገባ፤ በሀብቱ ቤት ተጠግቶ መጽሐፍ እየጻፈ፣ ልጆቹን እያስተማረ፣ ኂሩት የምትባለውን የቤቱን አገልጋይ አግብቶ ኖረ። በስድሳ ስምንት ዓመቱ፣ በ1667፣ በተማሪው በወልደ ሕይወት ልመና ሐተታውን ጻፈ።

ከዋሻው የወጣው አሳብ የሚታወቅ ነው። ፈጣሪ አለ፤ ለሰው ሁሉ ያለ አድልዎ ልቡና ሰጥቷል፤ ሰዎች በመጻሕፍት ስም ያወጁትን ሁሉ በዚያ ብርሃን መመርመር ይገባል። በዚህ ሚዛን የመነኮሳቱን ጾምና ድንግልና፣ የአይሁድን ሥርዓት፣ በእስልምና ዘንድ ብዙ ሚስት ማግባትንና ሰውን እንደ ከብት መሸጥን ይመዝናል፤ ከሦስቱ አንዱንም አይምርም። በግማሽ ልብ የሚያነበው አንባቢ እዚህ ላይ ይደሰታል ወይም ይቆጣል። በጥንቃቄ የሚያነበው ግን ይህ ሁሉ ምርመራ ከመዝሙረ ዳዊት ጋር በማያቋርጥ ንግግር መካከል እንደሚካሄድ ያስተውላል። ዳዊቱ የከሓዲ ጓደኛ ሆኖ አይገኝም፤ ይህ ሰው እየጸለየ የሚጠይቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። ድርሳኑን የያዙት ሁለት የብራና ቅጂዎች ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በአንቷን ዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና 234 ተመዝግበው ይገኛሉ። ሁለቱም የተላለፉት በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ የካፑቺን ማኅበር ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ። ይህ መነኩሴ በበጌምድር፣ በጋይንት ቤተ ልሔም ተቀምጦ ግዕዝና አማርኛ ያጠና፣ ለዳባዲ መጻሕፍት የሚሰበስብና የሚያስገለብጥ ሰው ነበር። በ1853 የሐተታውን ቅጂ ላከለት። በ1855 ከአገር ተባረረ፤ በቀጣዩ ዓመት ካርቱም ላይ ሞተ። ኤኖ ሊትማን በ1904 ግዕዙን ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመው፤ የአውሮፓ ምሁራንም ለጥቂት ዓመታት ተደነቁበት። በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ድርሳኑን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው የሚል ክስ አቀረበ። የመነኩሴው የዓለም ስም ያኮፖ መሆኑ፣ ማለትም ያዕቆብ፣ ለክሱ ቅመም ሆነ። በ1934 ኦይገን ሚትቮኽ ይህንኑ ከቋንቋ አንፃር አጠናከረ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለረጅም ጊዜ የተዘጋ መዝገብ መሰለ።

መዝገቡን የከፈቱት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ናቸው። በ1953 ኢትዮጵያ ገብተው ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሳለፉት እኒህ ሰው፣ ከ1974 ጀምሮ በአምስት ቅጽ ባወጡት «ኢትዮጵያዊ ፍልስፍና» ሁለቱን ሐተታዎች ቃል በቃል እየቆጠሩ፣ የአጻጻፍ ልማዳቸውን እያነጻጸሩ፣ የሁለቱ ደራሲ አንድ ሰው ሊሆን እንደማይችል፣ ያ ሰውም ጁስቶ ሊሆን እንደማይችል ተከራከሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ትውልድ ያህል ይህ የሰምነር ብይን በዩኒቨርሲቲው እንደ ጸና ቆየ፤ እስከ 2013 ድረስ፣ ፈረንሳያዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን የጁስቶን ደብዳቤዎችና የቅጂዎቹን ታሪክ እንደገና መርምራ ድርሳኑ የመነኩሴው ሥራ ነው ወደሚለው እስክትመልሰው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብዙ ወገኖቻችን ቪዮንን ከኮንቲ ሮሲኒ ጋር በአንድ ጆንያ ይከቷታል። ኮንቲ ሮሲኒ በ1935፣ የፋሺስት ጦር ሊዘምት ሲሰናዳ፣ ኢትዮጵያ በራሷ መሻሻል የማትችል አገር ናት ብሎ የጻፈ ሰው ነው፤ ስለዚህ ፍርዱ በጥርጣሬ ቢታይ አይገርምም። ሆኖም የአንድ መርማሪ ልብ መክፋት የምርመራውን ውጤት ሐሰት አያደርገውም፤ የእኛ ልብ በአገር ፍቅር መሞላትም የምንወደውን ብራና እውነት አያደርገውም። ቪዮን የምታቀርበው የዘር ክርክር ሳይሆን የሰነድ ክርክር ነው፤ መልሱም በሰነድ መሆን አለበት። ቂም የያዘ መልስ ሰምነርን የሚያህል ሰው የደከመበትን ነገር ወደ ገበያ ጭቅጭቅ ያወርደዋል።

ከዚህ አንፃር የ2023ቱ ትርጉም ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ተርጓሚዎቹ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ያሉትን ልዩነቶች ለአንባቢ ያሳያሉ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችን ምንጭ ያመለክታሉ፤ የአብነት ትምህርት ቃላትን ያብራራሉ። ራልፍ ሊ በአዲስ አበባ ያስተማረ፣ የአንድምታን ባህል ያጠና ሰው በመሆኑ፣ መሐሪ ወርቁም ግዕዙን ከውስጥ የሚያውቅ በመሆኑ፣ ከቀድሞዎቹ የአውሮፓ ትርጉሞች የሚጎድለው የቤተ ክህነት አየር በዚህኛው ይነፍሳል። ቤልቸር ቀደም ሲል ከሚካኤል ክላይነር ጋር ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ተርጉማ በ2015 ያሳተመች ናት። ያ ገድል የተጻፈው በ1672 ነው፤ ማለትም ሐተታው ተጻፈ ከተባለበት ዓመት በአምስት ዓመት ብቻ ይለያል። ሁለቱ መጻሕፍት ስለ አንድ መከራ ይናገራሉ፤ ያንኑ ንጉሥ፣ ያንኑ ስደት፣ ያንኑ የፍራንጆች ጉዳይ። ቅድስቲቱ ከአንዱ ወገን ቆማ ትሟገታለች፤ የዋሻው ሰው ከሁለቱም ወገን ይወጣል። ይህን ንጽጽር አስፋፍቶ የሚሠራ ሰው ቢነሣ፣ ሐተታው በዘመኑ ሊጻፍ ይችል ነበር ወይስ አይችልም ለሚለው ጥያቄ ከብዙ የፍልስፍና መጣጥፍ የተሻለ መልስ ያመጣ ይመስለኛል።

ቅሬታዬ መግቢያው ላይ ነው። ቤልቸር የኢትዮጵያዊ ደራሲነትን ወገን ይዛ ትሟገታለች፤ መብቷ ነው፤ ክርክሯም በብዙ ቦታ ጠንካራ ነው። ነገር ግን መግቢያ ጠበቃ ሲሆን አንባቢው ዳኛ መሆኑ ይቀርበታል። ለማስረጃ ከሚቀርቡት ነገሮች አንዱን ልውሰድ። ዘርዐ ያዕቆብ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ ትርጓሜ ቤት ያደረገው ጉዞ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ ወዲያው የሚያውቀው ጉዞ ነው፤ ስለዚህ ጸሓፊው የአገሩ ሰው ነው ይባላል። መልካም። ይሁንና ጁስቶ የኖረው የዜማ ምንጭ በሆነችው በጋይንት ቤተ ልሔም፣ በደብተራዎች መካከል ነበር። ይህን ጉዞ ከእነርሱ አፍ በየቀኑ ይሰማ ነበር። ማስረጃው ስለት አለው፤ ግን በሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ ነው። እንዲህ ያሉትን ማስረጃዎች በሁለት ወገን እንደሚቆርጡ መንገር የአርታኢ ግዴታ ነበር።

ከሁሉ በላይ ሊያነጋግረን የሚገባው ግን አንድ ቃል ነው፤ ልቡና። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ከነንዑስ ርእሱ ሲጠራ ሰውየው የሚመረምርበት መሣሪያ የአውሮፓ ፈላስፎች «ሪዝን» የሚሉት ነገር ሆኖ ይቀርባል። ይህ ትርጉም ስሕተት አይደለም። ልቡና በግዕዝ ለበወ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ማስተዋልን፣ ነገርን ለይቶ ማወቅን ያመለክታል። ነገር ግን ብርሃነ ልቡና የሚለው በዚያ የእንግሊዝኛ ቃል በኩል ሲያልፍ ወዲያው የአሥራ ሰባተኛውና የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ይሸተናል፤ ዴካርት በ1637 ያሳተመው ድርሳን ከጎኑ ይቀመጣል፤ ንጽጽሩም በራሱ ጊዜ ይጀምራል። ኖርዌያዊው ዳግ ኸርብዮርንስሩድ በ2017 በጻፈውና ብዙ በተነበበው መጣጥፍ ዘርዐ ያዕቆብን የአፍሪቃ የብርሃን ዘመን አባት አድርጎ ያቀረበው በዚሁ መንገድ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፤ ያን ብርሃን ያየነው በግዕዙ ውስጥ ነው ወይስ በትርጉሙ ውስጥ?

አማርኛ አንባቢ ግን ልቡናን ከሌላ ቦታ ያውቃል። ልጁ ያስቸገራት እናት «ልቡና ይስጥህ» ትላለች። ይህን ስትል የሒሳብ ችሎታ እንዲጨመርለት መጸለይዋ አይደለም፤ ጥፋቱን የሚያይበት፣ ካየም በኋላ የሚመለስበት ዐይን እንዲበራለት ነው። ልቡናው ተሰወረ፣ ልቡናው ተመለሰ፣ ልቡና ገዛ፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ማወቅና መታረም አልተለያዩም። አእምሮ ሊያውቅ ይችላል፣ ሳይታረም፤ ሕሊና ሊወቅስ ይችላል፣ ሳያውቅ፤ ልቡና ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል። ቴዎድሮስ ኪሮስ በ2005 ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ አመክንዮን ከሰው ልብ ጋር ያጋጠመው ይህን ሰምቶ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ መጽሐፉ አንዳንድ ጊዜ ከልቡና ወደ ልብ ፈጥኖ ቢንሸራተትም። እንዲህ ስናነበው የዋሻው ሰው ከዴካርት ይርቃል፤ ለእኛ ለአንባቢዎቹ ግን ይቀርባል። ምርመራው እውቀትን በጽኑ መሠረት ላይ ለማቆም የተነሣ አይመስልም፤ በሃይማኖት ስም ሰው ሰውን በሚያሳድድበት አገር እንዴት በቅን መኖር ይቻላል የሚል ነው። ኂሩትን በሚመለከት የተናገረው ለዚህ ምስክር ነው። ጌታዋ አገልጋይ አድርጎ ሊሰጠው ሲል፣ አገልጋዬ ሳትሆን ሚስቴ ትሆናለች፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ይላል። ልቡና እዚህ ላይ ፍርድ ብቻ አልሆነም፤ ሥራ ሆነ።

ስለ ርእሱም አንድ ቃል ልጨምር። ሐተታ በግዕዝ መጠየቅ፣ መመርመር ነው፤ እንግሊዝኛው ይህን ጠብቋል። በአንድምታ ቤት ግን ሐተታ ሌላም ግብር አለው፤ ንባቡ ከተተረጎመ በኋላ ነገሩን የሚያሰፋው፣ ታሪክና ምክንያት የሚጨምረው ክፍል ሐተታ ይባላል። የአክሱሙ መምህር ፍራንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ እያለ ማስተማሩን ከዚህ ጋር ስናስተያየው፣ አንድም እያሉ ሁለትና ሦስት ትርጓሜን ጎን ለጎን የማስቀመጥ የቆየ ልማድ ይታየናል። ይህ ሰው የአባቶቹን ስልት አልጣለም፤ እነርሱ ከቆሙበት ወሰን አሻግሮ ወሰደው እንጂ። በውጭ የተጻፉት ጥናቶች ይህን መስመር ቢነኩትም አልቆዩበትም። ሊቆዩበት የሚችሉት የትርጓሜ መምህራን ናቸው፤ እነርሱን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

የ2024ቱ ስብስብ ከትርጉሙ ይልቅ ወጣ ገባ ነው፤ የጉባኤ ልጅ ስለሆነ አይፈረድበትም። ትልቁ ጥቅሙ በደራሲነቱ ጉዳይ የተለያየ አቋም ያላቸውን ሰዎች በአንድ ሽፋን ማስቀመጡ ነው። አዘጋጆቹ አሸናፊ አላወጁም። ከሦስቱ አንዱ ፋሲል መራዊ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የሚያስተምር፣ ኢትዮጵያዊ ፍልስፍና የሚባለውን ነገር በጥርጣሬ ዐይን በመመርመር የሚታወቅ ሰው መሆኑም ጥሩ ነገር ያሳያል። ጥርጣሬው ከፓሪስ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከስድስት ኪሎም ይመጣል። አገር ወዳድ ማለት አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ሰው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

በዚህ ክርክር ውስጥ የማከብረው አቋም የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። እሳቸው በሺህ የሚቆጠሩ የግዕዝ ብራናዎችን በእጃቸው አገላብጠው ዝርዝር ያወጡ ሊቅ ነበሩ፤ ለረጅም ጊዜም የድርሳኑን ትክክለኛነት ይጠራጠሩ ነበር። በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ ግን አሳባቸውን ቀየሩ። መሠረቱ በዘመኑ የነበረ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሥራ ነው፤ ኋላ የውጭ እጅ ገብቶበታል ወደሚለው አደሉ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ከያዙት ዕውቀት አንፃር ይህን የመሰለ የአሳብ ለውጥ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያስደስተኝ ደግሞ አቋማቸው ሁለቱን ቡድኖች እኩል የሚያስከፋ መሆኑ ነው። ሁሉም የእኛ ነው ለሚለው የተነካካ ክፍል አለ ይሉታል፤ ሁሉም የጁስቶ ነው ለሚለው ከሥሩ የአገር ሰው አለ ይሉታል። በብራና ባህል ውስጥ ደግሞ ይህ እንግዳ አይደለም። መጽሐፍ በተገለበጠ ቁጥር የገልባጩን እጅ ይቀምሳል።

እስቲ ለክርክር ያህል ከሳሾቹ ይርቱ እንበል። ጁስቶ ጻፈው። ምን እናገኛለን? በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ በግዕዝ፣ በመጀመሪያ መደብ የሚተርክ፣ የራሱ ባሕርይ ያለው ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ከልደቱ እስከ እርጅናው የሚያደርስ ልብ ወለድ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ካሳተሙት፣ የአማርኛ ልብ ወለድ መነሻ ከምንለው ታሪክ በግማሽ ምእት ዓመት ይቀድማል። ሐተታው ከፍልስፍና መደርደሪያ ወርዶ ወደ ሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ ይዛወር ይሆናል እንጂ ከቤት አይባረርም። አሳቡም ቢሆን በደራሲው ፓስፖርት አይመዘንም። ባልና ሚስት እኩል ናቸው የሚለው ነገር ጋይንት ተቀምጦ ጣሊያናዊ ቢጽፈው ሐሰት፣ እንፍራዝ ተቀምጦ አክሱማዊ ቢጽፈው እውነት አይሆንም።

ይህን ብዬ ግን ደራሲነቱ ምንም ለውጥ አያመጣም ከሚሉት ጋር አልስማማም። ያ አባባል ትሑት ይመስላል፤ ሥራ የሚያስቀር ስንፍና ነው። ለአሳቡ እውነትነት ለውጥ ባያመጣ ለአሳብ ታሪካችን ያመጣል። በ1667 አንድ ሰው እንፍራዝ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ማሰብ ከቻለ፣ በዙሪያው ማን ነበር? ከማን ጋር ተነጋገረ? ለምን ከወልደ ሕይወት በቀር ደቀ መዝሙር ጠፋ? በ1850ዎቹ ከሆነ ደግሞ ጥያቄዎቹ ሌላ ናቸው፤ ያን ግዕዝ ያቃናለት ደብተራ ማን ነው? ጥያቄው እስካልተፈታ ድረስ ሁለቱንም የታሪክ መጻሕፍት መጻፍ አንችልም።

በነገራችን ላይ፣ በክርክሩ ውስጥ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ድርሳኑ የኢትዮጵያ ክብር ነው ብለው ደረታቸውን የሚነፉት ብዙዎቹ ጾም የሚጾሙ፣ መነኮሳትን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው፤ መጽሐፉ ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚመዝን ቢያነቡ ምን ይሉ ይሆን? የጣሊያን ሥራ ነው ሲባል በልባቸው የሚደሰቱ የቤተ ክህነት ሰዎችም አሉ። ሁለቱም ወገን ደራሲውን የሚመርጠው ይዘቱን አንብቦ አይደለም።

የወልደ ሕይወት ሐተታ በሁለቱም አዳዲስ መጻሕፍት ውስጥ ድርሻ ቢያገኝም አሁንም በመምህሩ ጥላ ሥር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዋሻ የለውም፣ ስደት የለውም፣ ከዴካርት ጋር የሚወዳደር አይመስልም። በምክርና በምሳሌ የሚናገር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ሥራና ስለ እጅ ሙያ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። እኔ ግን በአንድ ነገር ከመምህሩ ይበልጥ ደፋር ሆኖ አገኘዋለሁ። ሸማኔውና ቀጥቃጩ በሚናቁበት አገር የእጅ ሥራን ከፈጣሪ ሥርዓት ጋር አያይዞ ማክበር ቀላል ድፍረት አይደለም። ትርጉሙ ሁለቱን አንድ ላይ ማሳተሙ ከምንም በላይ ለዚህ ደቀ መዝሙር ውለታ ነው።

ሰምነርን ያነሣሁበት ሌላም ምክንያት አለ። ከአምስቱ ቅጾች ሦስቱ ስለ ሐተታዎቹ አይደሉም፤ አንጋረ ፈላስፋን፣ የእስክንድስን ሕይወትና አንጋር፣ ፊሳልጎስን የሚመለከቱ ናቸው። ሦስቱም ትርጉሞች በመሆናቸው የፍልስፍና ተማሪው ይሸሻቸዋል። ሰምነር ያሳዩት ግን ኢትዮጵያዊው ተርጓሚ ቃል በቃል ተርጉሞ እንደማያውቅ ነው፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ያዛውራል፣ የራሱን ያደርገዋል። በእናቱ ሞት ምክንያት ዝምታን የማለውና ንጉሡ ሲጠይቀው በጽሑፍ የሚመልሰው እስክንድስ የድራማ ሰው ነው፤ ከመድረካችን እስካሁን መራቁ ይገርመኛል። በደራሲነቱ ማንም የማይጠራጠራቸው እነዚህ መጻሕፍት እያሉ ኢትዮጵያዊ አሰበ ወይስ አላሰበም የሚለውን ፍርድ በሁለት የፓሪስ ቅጂዎች ላይ ብቻ ማንጠልጠል ለምን አስፈለገ? የቅኔውን ሀብት ሳንጨምር ማለት ነው።

አሁን ስለ አንባቢው። ሁለቱም መጻሕፍት የታተሙት በእንግሊዝኛ፣ በአውሮፓ፣ ለዩኒቨርሲቲዎች ነው። አዲስ አበባም ይሁን ናይሮቢ፣ ጅቡቲም ይሁን ካርቱም የሚኖር አማርኛ አንባቢ በራሱ ቋንቋ ሊያገኘው የሚችለው ቀደምት ትርጉም ዘመንፈስ ቅዱስ አብርሃ በ1955 እ.ኤ.አ. አሥመራ ላይ ያሳተሙት ነው፤ እርሱንም ዛሬ በመደብር ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ የወጡት በአብዛኛው ለማስተዋወቅ የተዘጋጁ ናቸው፤ የሁለቱን ቅጂዎች ልዩነት ከግርጌ እያሳዩ፣ ግዕዙን በአንድ ገጽ አማርኛውን በትይዩ ገጽ አድርገው፣ ልቡና በየት ቦታ ምን እንደሚል እየመረመሩ የሚሄዱ አይደሉም። እንግሊዝኛ አንባቢ አሁን ያለው ነገር ለባለቤቱ የለውም። መሐሪ ወርቁን የመሰሉ ሁለቱንም ቤት የሚያውቁ ሰዎች እያሉ ይህን ማድረግ የሚከብድ አይመስለኝም፤ ከትርጓሜ መምህራን ሁለት ሦስቱን፣ ከዩኒቨርሲቲው የቋንቋና የፍልስፍና ሰዎች ጥቂቱን ማስቀመጥ ይበቃል። እንዲህ ያለ እትም ቢወጣ ቪዮን በሰነድ ላነሣችው ክስ በሰነድ የሚመልሰውን የቋንቋ ጥናት ለመጀመር መሠረት ይሆናል፤ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት ገድላትና ዜና መዋዕሎች ለንጽጽር በእጃችን አሉ።

እስከዚያው እንግሊዝኛ የሚችል አንባቢ ትርጉሙን ያስቀድም፤ መግቢያውን ግን ዘሎ ከጽሑፉ ይጀምር፣ ስብስቡን ቀጥሎ ያንብብ፣ ከዚያ በኋላ ወደ መግቢያው ይመለስ። ስብስቡን ከማንበቡ በፊት ዘርዐ ያዕቆብን ከዳዊቱ ጋር በዋሻው ብቻውን ቢያገኘው ይሻላል።